የቤት ሲኒማ፦ የትኛው ቴሌቪዥን፣ ከየትኛው ስፒከር ጋር?

ለቤት ሲኒማ ገንዘብ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጀቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ያውለውና ለድምፁ የተረፈችውን ሽርፍራፊ ይመድባል። እኔ የምመክረው ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ለሁለት እኩል እንዲከፈል ነው። በመካከለኛና በውድ ቴሌቪዥን መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ለማየት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ቴሌቪዥኑ ይዞት የመጣው ድምፅ ግን አይለመድም። ተዋናዩ ሲያንሾካሹክ ድምፅ ትጨምራላችሁ፣ ፍንዳታው ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ ትሯሯጣላችሁ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ በዚሁ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረን እንምረጣቸው። መነሻችን ደግሞ ብራንዱ ሳይሆን የምትቀመጡበት ክፍል ይሁን።

ከሱቅ በፊት ሜትር

ከሶፋው እስከ ስክሪኑ ቦታ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ከሶፋው እግር ሳይሆን ተደላድላችሁ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ካለበት። የስክሪን ኢንች የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ነው። ባለ 65 ኢንች ሲባል ወርዱ 144፣ ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤምፒቲኢ) ስክሪኑ ከተመልካቹ እይታ ቢያንስ 30 ዲግሪ እንዲይዝ ይመክራል፤ የሲኒማ ጥራት ደረጃ የሚያወጣው ቲኤችኤክስ ደግሞ ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ይህ በሜትር ሲሰላ ለ55 ኢንች ከ1.7 እስከ 2.3፣ ለ65 ኢንች ከ2 እስከ 2.7፣ ለ75 ኢንች ከ2.3 እስከ 3.1 ሜትር ይመጣል። ትንሹ ቁጥር ሲኒማ ቤት ውስጥ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ መቀመጥ ለሚወድ ነው። ትልቁ ከፊልሙ ጋር ዜናም ኳስም ለሚታይበት ቤት ይስማማል።

ቁጥሩ ብቻ ካልታያችሁ የወረቀት ፕላስተር ይዛችሁ ግድግዳው ላይ 144 በ81 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩና ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ እዩት። ከዚያ ከላይም ከታችም አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ቀንሱለት። ብዙ ትልልቅ ፊልሞች በ2.39 ለ1 ቅርጽ ስለሚሠሩ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይተዋሉ፤ የምስሉም ቁመት ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚያ ጠባብ ሳጥን ያልረካ ሰው ስለ 75 ኢንች ማሰብ አለበት። በሁለት መጠን መካከል የሚያመነታ ሰው፣ ክፍሉ እስከፈቀደ ድረስ፣ ትልቁን ቢወስድ ነው የሚሻለው። ስክሪን ትልቅ ሆነብኝ ብሎ የሚቆጭ ከስንት አንዱ ነው።

ከርቀቱ ጋር ብርሃኑንም እዩ። መስኮቱ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ነው ወይስ በጎን? ፊልም የምታዩት ከቀትር በኋላ ነው ወይስ ማታ መጋረጃ ዘግታችሁ? ከታች ኦሌድና ኤልኢዲን ስናወዳድር ወሳኙ ይኸው ነው።

1080፣ 4ኬ ወይስ 8ኬ?

እዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ይሆናል። 4ኬ 3840 በ2160 ሆኖ ከ8 ሚሊዮን ያልፋል፣ 8ኬ ደግሞ ከ33 ሚሊዮን። ጤነኛ ዓይን ሊለይ ከሚችለው አንጻር ሲሰላ፣ በ65 ኢንች ስክሪን ላይ የሙሉ ኤችዲን ነጥቦች ከ2.6 ሜትር በላይ ርቆ ነጥሎ ማየት ያዳግታል። የ4ኬ ነጥቦች በ1.3 ሜትር፣ የ8ኬ ደግሞ በ65 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጠፋሉ። አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ አስደግፎ ፊልም የሚያይ ሰው ስለሌለ 8ኬን እለፉት፤ በዚያ ጥራት የሚቀርብ ፊልምም እጅግ ጥቂት ነው። ሙሉ ኤችዲ ለመኝታ ቤት ትንሽ ስክሪን ይበቃል። ለሲኒማ 4ኬ ውሰዱ፤ ከጥራቱ በላይ የሚጠቅማችሁ ኤችዲአር የሚባለው የብርሃንና የቀለም ስፋት አብሮት ስለሚመጣ ነው።

የምታዩበትን ምንጭ ግን አትርሱ። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሴኮንድ 15 ሜጋቢት፣ ለሙሉ ኤችዲ 5 ሜጋቢት ኢንተርኔት ይመክራል። መስመራችሁ እዚያ ካልደረሰ ውዱ ስክሪን የሚያሳያችሁ የተጨመቀ ምስል ነው። በ2016 ገበያ ላይ የዋለው የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ እስከ 100 ጊጋባይት ስለሚይዝ ዛሬም በምስልም በድምፅም ኢንተርኔቱን ይበልጣል።

ኤልኢዲ፣ ሚኒ ኤልኢዲ፣ ኪውሌድ፣ ኦሌድ

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ካርቶን ላይ ያለው ስም ብዙ ቢሆንም ሥረ መሠረቱ ሁለት ነው። አንደኛው ኤልሲዲ ሲሆን፣ ፒክስሎቹ ራሳቸው አያበሩም፤ ከኋላቸው ያለውን መብራት ያሳልፋሉ ወይም ይጋርዳሉ። ሁለተኛው ኦሌድ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል ለብቻው ይበራል፣ ለብቻውም ይጠፋል። ኤልኢዲ፣ ሚኒ ኤልኢዲና ኪውሌድ ሁሉም ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ኪውሌድ ስሙ ኦሌድን ይምሰል እንጂ፣ ቀለም የሚያደምቅ ኳንተም ዶት የሚባል ስስ ንጣፍ የተጨመረበት ኤልሲዲ ነው።

ኤልሲዲዎቹን እርስ በርስ የሚለያያቸው የኋላው መብራት አቀማመጥ ነው። ርካሾቹ መብራቱን ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሚደረድሩት ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ጥግ ጥጉም ይነጣል። ከፍ ያሉት መብራቱን ከጀርባ ሙሉ ለሙሉ ዘርግተው በየክልሉ ያደበዝዙታል። ሚኒ ኤልኢዲ መብራቶቹን እጅግ አሳንሶ ቁጥራቸውን ወደ ሺዎች ስለሚያደርስ ክልሎቹ ይበዛሉ፣ ጥቁሩም ይጠቁራል። ሆኖም አንዱ ክልል ብዙ ፒክስሎችን ስለሚይዝ በጨለማ ሰማይ ላይ የወጣች ጨረቃ ዙሪያዋን ጭጋግ ታበጃለች።

ኦሌድ ይህ ችግር የለበትም፤ ጥቁር ሲባል ፒክስሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ እምብዛም አይለወጥም። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስክሪኑ በሙሉ ደምቆ ሲበራ (የበረዶ ሜዳ ወይም የቀን ኳስ ሜዳ አስቡ) ከጥሩ ሚኒ ኤልኢዲ ያነሰ ብርሃን ይሰጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆየበት አሻራው ሊቀር ይችላል። የዜና ጣቢያ ከነአርማውና ከግርጌ ጽሑፉ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት በሚሆንበት ቤት እኔ ኦሌድ አልገዛም። ማታ ማታ ፊልም ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ይህ ስጋት ሊያስፈራው አይገባም። ኦሌድንና ኳንተም ዶትን ያዋሐደውና በ2022 የወጣው ኪውዲ-ኦሌድ ቀለሙ የበለጠ ደማቅ ነው። ሆኖም መስኮት ያለበት ክፍል ውስጥ ጥቁሩ በብርሃን ወደ ግራጫ ያደላል፤ እሱም ጨለማ ክፍል ይፈልጋል።

ከኤልሲዲ ወገን ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ፓኔሉ (ምስሉ የሚታይበት ሰሌዳ) ቪኤ ነው ወይስ አይፒኤስ? ቪኤ ጥቁርና ነጭን በ3000 ለ1 እና ከዚያ በላይ ይለያል፣ ከጎን ሲታይ ግን ይደበዝዛል። አይፒኤስ ከጎንም ደህና ይታያል፤ ልዩነቱ ግን 1000 ለ1 ገደማ ስለሆነ ጨለማ ትዕይንት ላይ ደካማ ነው። ሁሉም ሰው ፊት ለፊት በሚቀመጥበት ክፍል ቪኤ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ማየት ይቻላል። ሻጩ የሚያጫውተው የአበባና የዓሣ ቪዲዮ ሁሉንም ቴሌቪዥን ያሳምራል፣ ስለዚህ አትዩት። በፍላሽ የፊልም መጨረሻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነጭ የስም ዝርዝር በጥቁር ላይ ወደ ላይ የሚወጣበትን። ሻጩ የሱቁን መብራት እንዲቀንስላችሁ፣ የምስሉንም ሞድ ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» እንዲቀይር ጠይቁት። ከዚያ ፊደሎቹን ሳይሆን በፊደሎቹ መካከል ያለውን ጥቁር ተመልከቱ። ጽሑፉ ሲወጣ አብሮት የሚንሳፈፍ ጭጋግ አለ? ጥግ ላይ ነጣ ያለ ቦታ አለ? ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስትሄዱ ጥቁሩ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ይለወጣል? የዋጋው ልዩነት ለዓይናችሁ ይገባው እንደሆነ የሚነግራችሁ ይህ ነው እንጂ የሻጩ ንግግር አይደለም።

ካርቶኑ ላይ ያሉ ሌሎች ምልክቶች

ኤችዲአር የሚል ምልክት ቴሌቪዥኑ ሲግናሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ በትክክል ማሳየት መቻሉን አያረጋግጥም። ብዙ የኤችዲአር ፊልሞች የሚሰናዱት ደማቅ ነጥባቸው 1000 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) እንዲደርስ ተደርጎ ነው። 300 ኒት አካባቢ የሚቆም ርካሽ ስክሪን ምልክቱ ቢለጠፍበትም ልዩነቱ አይታይበትም። ዶልቢ ቪዥንና ኤችዲአር10+ ብርሃኑን ትዕይንት በትዕይንት የሚያስተካክሉ ተፎካካሪዎች ናቸው። የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ዶልቢ ቪዥንን አይደግፉም፤ ፊልሞቻችሁ በዚያ የሚመጡ ከሆነ ይህን አስቡበት። በዚህ ብቻ ግን ጥሩ ስክሪን አትተዉ።

ስለ ኸርዝ (ስክሪኑ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ)፦ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። 120 ለ24 እኩል ይካፈላል፣ 60 ግን አይካፈልም። ስለዚህ ባለ 120 ኸርዝ ፓኔል ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉን አያንገጫግጭም። «ሞሽን 240» ምናምን የሚሉ የማስታወቂያ ቁጥሮችን ትታችሁ የፓኔሉን ትክክለኛ ኸርዝ ጠይቁ።

ድምፅ፦ ሳውንድባር ወይስ የተለያዩ ስፒከሮች?

ቴሌቪዥን እየሳሳ በሄደ ቁጥር ስፒከሩ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞሯል። ንግግሩ ግድግዳ ነክቶ ነው የሚደርሳችሁ። ስለዚህ ማናቸውም የውጭ ስፒከር ለውጥ ያመጣል። ጥያቄው የቱ ነው።

ሳውንድባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ አንድ ረጅም ስፒከር) ቦታ ለሌለው፣ ገመድ ለማይወድ፣ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው። ከገዛችሁት ግን የተለየ ሰብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ያለውንና ቢያንስ 3.1 የሆነውን ውሰዱ። የመጀመሪያው ቁጥር የዋና ቻናሎች፣ ሁለተኛው የሰብዉፈር፣ ሦስተኛው ካለ ደግሞ የከፍታ ቻናሎች ብዛት ነው። 3.1 ሲሆን ለመሃል የተመደበ ድምፅ አለ፤ በፊልም ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚመጣው በዚያ ነው። ባለ 2.1 ሳውንድባር የሚያንጎደጉድ ቤዝ ሰጥቶ ንግግሩን እንደነበረው ሊተወው ይችላል።

በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ሆም ቲያትር፣ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ሳጥን ያለው፣ ከሁሉም የምሸሸው ነው። አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሌላው አብሮት ይወድቃል፣ ማሻሻልም አይቻልም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «1000 ዋት ፒኤምፒኦ» ለቅጽበት የሚመጣ የወረቀት ቁጥር ነው፤ ማየት ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለውን ዋት ነው። አርኤምኤሱም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አይናገርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስሜታዊነቱ (በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት የሚያወጣው ድምፅ) 90 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ50 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ ባለ 87 ዴሲቤሉ ለማውጣት 100 ዋት ይፈልጋል። ስፒከሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ይህችን ቁጥር ያላየ ሰው አምፕሊፋየሩ ላይ ገንዘብ ያባክናል።

ሦስተኛው መንገድ ኤቪ ሪሲቨር ከተለያዩ ስፒከሮች ጋር ነው። ሪሲቨሩ ስንል የዲሽ ዲኮደሩን ሳይሆን ድምፁን ተቀብሎ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን አምፕሊፋየር ነው። ለሲኒማ ከልቡ ላሰበ ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ሁሉንም መግዛት አያስፈልግም። ዛሬ ሁለት ጥሩ የፊት ስፒከር ትገዛላችሁ፤ መሃል ላይ የሚቀመጥ ሰው በሁለቱ መካከል ንግግሩን ከስክሪኑ የመጣ አድርጎ ይሰማዋል። ቀጥሎ ከዚያው አምራችና ከዚያው ሞዴል ቤተሰብ የመሃሉን ስፒከር ጨምሩ፤ ያኔ ጥግ የተቀመጠውም ሰው ንግግሩ ከመሃል ይመጣለታል። ሦስተኛ ሰብዉፈር፣ አራተኛ የኋላ ጥንድ። ስፒከር ቴሌቪዥን ሁለት ሦስቴ እስኪቀየር ድረስ ያገለግላል፤ በጀቱ ለሁለት ይከፈል ያልኩትም ለዚህ ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ የፊት ሁለቱ ከተመልካቹ አንጻር ከመሃል መስመር 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ የጎኖቹ ደግሞ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይሁኑ። ሶፋው የኋላውን ግድግዳ ከነካ 7.1 አታስቡ፤ ለተጨማሪዎቹ ጥንድ ቦታ የለም። ድምፅን ከላይም ጭምር የሚያሰማው ዶልቢ አትሞስ በ2012 ሲኒማ ቤት ገብቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቤት ወርዷል። ከላይ የሚወርድ ዝናብ በእርግጥ ከላይ ይሰማል። ሆኖም ወደ ላይ ተኩሰው ጣሪያ አንጥረው የሚመልሱት ስፒከሮች ጠፍጣፋና በጣም ያልራቀ ኮርኒስ ይፈልጋሉ። ኮርኒሱ ተዳፋት ከሆነ ያንን ገንዘብ ለተሻለ የመሃል ስፒከር አውሉት።

ሰብዉፈሩን የት እናስቀምጠው?

ከ80 ኸርዝ (እዚህ ላይ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) በታች ያለ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ስለማይለይ ሰብዉፈሩ ከስክሪኑ አጠገብ መሆን የለበትም። የሚቀመጥበት ቦታ ግን ውጤቱን በእጅጉ ይለውጠዋል። ጥግ ላይ ቤዙ ይበዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይጎላል። ቦታውን ማግኛ ዘዴው ትንሽ ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ ራሳችሁ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት። ወፍራም የቤዝ ጊታር ያለበት ዘፈን አጫውቱና በግድግዳው ሥር በአራት እግራችሁ ዙሩ። አንዱ ቦታ ላይ ቤዙ ይጠፋል፣ ሌላው ላይ ያጉረመርማል፤ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶና እኩል ሆኖ የሚሰማበት ቦታ ይመጣል። ሰብዉፈሩን እዚያ አድርጉት። ቤተሰቡ ከሳቀባችሁ ፊልሙ ሲጀመር ይገባዋል።

በመጠን በኩል ለመካከለኛ ሳሎን ባለ 10 ኢንች ይበቃል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የበለጠ ያንጎደጉዳል፤ የተዘጋው ያነሰ ቢሆንም ቅልጥፍናው ይበልጣል። ጎረቤት ግድግዳ የሚጋራችሁ ከሆነ የተዘጋውን ያዙ።

ምኑ ከምኑ ይጋባ?

ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ርቀቱ 2 ሜትር ቢሆን፣ ባለ 55 ኢንች የኋላ መብራቱ በየክልሉ የሚደበዝዝ 4ኬ ኤልኢዲና 3.1 ሳውንድባር ይበቃል። ሰፊና ቀን ብርሃን የሚገባበት ሳሎን፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚያይበት፣ 65 ወይም 75 ኢንች ሚኒ ኤልኢዲ ይፈልጋል፤ ከእሱ ጋር ሪሲቨርና ሦስት የፊት ስፒከር፣ ቆየት ብሎ ሰብዉፈር። ወለሉ ባዶ ሴራሚክ ከሆነ በሶፋውና በስፒከሮቹ መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ንግግሩን የሚያጠራው ከአንድ ደረጃ የተሻለ ስፒከር ባላነሰ ነው። መጋረጃ ተዘግቶ ፊልም ብቻ የሚታይበት ክፍል ያለው ሰው ኦሌድ ይግዛ፣ 5.1 ይሟላለት። በጀቱ ኦሌድን ከ5.1 ጋር ካልቻለ ኦሌዱ ይቅር እንጂ ስፒከሩ አይቅር።

ሁለቱን የሚያገናኘው ቀዳዳም ከግዢ በፊት ይታይ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከኤችዲኤምአዮቹ አንዱ «አርክ» ወይም «ኢ-አርክ» የሚል ይኖረዋል። አርክ የተጨመቀ ድምፅ ያሳልፋል፤ ከኢንተርኔት ፊልሞች ጋር የሚመጣውን አትሞስም ይችላል። ከብሉሬይ የሚመጣውን ያልተቀነሰ ድምፅ በቴሌቪዥኑ በኩል ለማሳለፍ ግን ኢ-አርክ ያስፈልጋል። በኦፕቲካል ገመድ አትሞስ አይገኝም።

ዕቃው ቤት ሲገባ

ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ መስቀል የተለመደ ነው፣ አንገት ግን ይጎዳል። የስክሪኑ መሃል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ብዙም አይራቅ፤ ከወለል አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ከዚያ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ፊልምሜከር ወይም ሲኒማ ሞድን ምረጡ፤ የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን አጥፉ። ፊልሙን እንደ ተከታታይ ድራማ የሚያስመስለው እሱ ነው። ቀለሙ መጀመሪያ ቢጫ ይመስላችኋል፤ ሳትነኩት ሁለት ሦስት ቀን እዩበት።

ሪሲቨሩ ማይክ ይዞ ከመጣ በጆሮ ከፍታ አስቀምጣችሁ የድምፅ ልኬቱን አስጀምሩ፣ ከዚያ ስፒከሮቹ ሁሉ 80 ኸርዝ ላይ ለሰብዉፈሩ እንዲያስረክቡ አድርጉ። የስፒከር ገመድ ስትሰኩ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች የአንዱ ከተገለበጠ ምንም አይቃጠልም፤ ነገር ግን ቤዙ ይሳሳል፣ ንግግሩም ከስክሪኑ መሃል መምጣቱ ቀርቶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። አዲስ ስፒከር ገዝቶ ድምፁ ቀጠነብኝ የሚል ሰው ሱቁ ከመመለሱ በፊት እነዚህን ሁለት ሽቦዎች ይይ።